ሦስት ሌሊት፣ ሙሉ ስዊት

«ለሦስት ሌሊት የመርከብ ጉዞ ስዊት? ገንዘብ ጠልተህ ነው?» ይላል አያ ቁጠባ። ስሙት እስቲ! ሰውየው የእውነተኛ ስዊት በር እጀታ ነክቶ አያውቅም፤ ዋጋውን ግን ከባለመርከቡ በላይ ይተነትናል። አያ ቁጠባ፣ እኔ ገንዘብ አልጠላሁም። ገንዘብ ነው አንተን የጠላህ። ዕድሜውን ሙሉ ኪስህ ውስጥ አፍነኸው፣ አንድ ቀን እንኳ ባሕር አሳይተኸው አታውቅ!

«ሳትገባ መውጫህ ነው» ይለኛል። እና ሳልገባ ልቅር? «ሻንጣህን ሳትፈታ ትመለሳለህ» ይላል ደግሞ። የታሰረው የእኔ ሻንጣ ነው ወይስ የአንተ እጅ? «ስዊት የሚያዘው ለረጅም ጉዞ ነው፤ ለሦስት ሌሊት ማደሪያ ካለህ ይበቃል» ብሎ ይደመድማል። እናንተ ቆማችሁ የምትሰሙ፣ ፍረዱ! ለማደር ከሆነ ቤቱ ምን ሆነ? ማደሪያ ፍለጋ ፍሎሪዳ ድረስ የሚሄድ ሰው አከራዩ ቁልፍ የቀየረበት መሆን አለበት!

ነገሩን አየር ላይ አናንጠልጥለው፤ ውሃ ላይ እናውርደው። የሮያል ካሪቢያን ኩባንያ መርከብ «ዩቶፒያ ኦፍ ዘ ሲስ» እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ሥራ ሲጀምር ገና ከመነሻው ለአጭር ጉዞ ነው የተመደበው። ከፍሎሪዳው ፖርት ካናቬራል ዓርብ ይነሣል፤ ሰኞ ማለዳ ይመለሳል። ሰኞ ተነሥቶ ዓርብ የሚገባ ባለ አራት ሌሊትም አለው። የሚቆምባቸው ቦታዎች ናሶና ኮኮኬይ ናቸው፤ ሁለቱም ባሃማስ። በየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ቢገባ እንኳ ከ5,600 በላይ መንገደኛ ይይዛል። ልጅና አማት ሲጨመርማ ከዚያም ያልፋል።

አሁን ሒሳብህን አምጣ፣ አያ ቁጠባ። እሱ ሒሳብ ይወዳል፤ ሒሳብ ግን እሱን አይወደውም። መርከቡ ዓርብ በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ተነሥቶ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ቢገባ፣ ጉዞህ 61 ሰዓት ተኩል ነው። በየሌሊቱ ሰባት ሰባት ሰዓት ተኛበት። ዓይንህን ገልጠህ የምትቆየው 40 ሰዓት ገደማ ነው። ዓርብ 5 ሰዓት መርከቡ ውስጥ የገባና 8 ሰዓት የገባ ሰው በሦስት ሰዓት ይበላለጣሉ። ከ40 ሰዓት ላይ ሦስት ሰዓት ከመቶ ሰባት ተኩል ነው። ያችኑ ሦስት ሰዓት ወደ ሰባት ሌሊት ጉዞ ውሰዳት፤ ከመቶ ሦስት እንኳ አትሞላም። እንግዲህ ቀድሞ መግባት ሚዛን የሚደፋው በየትኛው ጉዞ ነው? ጉዞው ሲያጥር ሰዓቱ ይወፍራል። አንተ ግን ቀን ትቆጥራለህ። ቀን የሚቆጥረው እስረኛ ነው፤ መንገደኛ ሰዓት ይቆጥራል!

«ለስዊት ሰው የሚሰጠው የመግቢያ ቅድሚያ ምን ያደርግልኛል? እንደ ሰው ተሰልፌ እገባለሁ» ይላል። እንደ ሰው አይደለም፣ እንደ 5,600 ሰው! ሰልፍ ከመልመዱ የተነሣ ሰው ያልተኮለኮለበት በር ሁሉ የተዘጋ ይመስለዋል። ሚስቱን ወረፋ ያስይዛታል፤ ወረፋው ሳይደርስ እሷ ትወርፈዋለች። እሱ ለመግቢያ ሲሰለፍ የስዊቱ ሰው ምሳውን በልቷል። እሱ ለምሳ ሲሰለፍ የስዊቱ ሰው ዋኝቷል። እሱ ለመዋኘት ሲሮጥ ፀሐይዋ ወርዳለች። ቆጠበ የተባለው ሰውዬ ዓርብን ሙሉ ከፍሎ፣ ዓርብን ሳያያት ቅዳሜ ገባ!

የገባህ ቀን ደግሞ እጅህ ላይ የምትይዘውን እወቅ። ትልቁን ሻንጣ ወደቡ ላይ ለተሸካሚዎች ታስረክባለህ፤ ክፍልህ የሚደርሰው አመሻሹ ላይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዋና ልብስህ፣ መድኃኒትህ፣ ሰነድህ በእጅ ቦርሳህ ይሁን። ገንዳ ዳር በሱሪና በሸሚዝ ተቀምጦ የሚያልበውን አያችሁት? ሻንጣ እየጠበቀ ነው። ሻንጣው ክፍሉ ውስጥ ተዘርግቶ ሲያርፍ ባለቤቱ ገና ቆሟል!

ስዊት የማያስቀርልህ አንድ ነገር አለ፤ የአደጋ ጊዜ ልምምድ። በዚህ አልቀልድም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኮስታ ኮንኮርዲያ ጣሊያን ጠረፍ ላይ ስትገለበጥ 32 ሰው ሞቷል፤ ልምምዱን ገና ያላደረጉ መንገደኞች ተሳፍረውባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕጉ ጠብቆ፣ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲሆን ያዛል። ቪዲዮውን በስልክህ እይ፣ መሰብሰቢያ ቦታህ ሄደህ ተመዝገብ፣ ጨርስ። ቀድመህ ስትገባ ቀድመህ ትጨርሳለህ። አያ ቁጠባ ግን ድምፅ ማጉያው ስሙን እስኪጠራው ይጠብቃል። ስሙ በነጻ ሲጠራ ደስ ይለዋል!

አሁን ወደ ዋናው አለማወቁ እንምጣ። «ስዊት ያው ስዊት ነው» ይላል። አይደለም! በእነዚህ ትልልቅ የሮያል ካሪቢያን መርከቦች ላይ ሦስት የስዊት ደረጃ አለ፤ ሲ፣ ስካይ፣ ስታር። ባሕር፣ ሰማይ፣ ኮከብ። ሦስቱን አንድ አድርጎ ይጠራቸዋል። ባሕርና ሰማይ የማይለይ ሰው መርከብ ላይ ምን ሊሠራ ይወጣል? ከታች ያለው ጁኒየር ስዊት ነው። ስሙ ስዊት፣ ግብሩ ሰፋ ያለ ክፍል። ኮስታል ኪችን በተባለው የስዊት ሰዎች ምግብ ቤት እራት ትበላበታለህ፤ ቁርስና ምሳ ግን የለህም። የስዊት ላውንጁም አይከፈትልህም። ስካይ ላይ ስትወጣ ቁርሱም ምሳውም እራቱም፣ ላውንጁም፣ ኢንተርኔቱም፣ ጉዳይህን የሚያስፈጽም ኮንሲየርጅም ይጨመራል። ስለዚህ ለሦስት ሌሊት የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው፤ ጥቅማ ጥቅሙን ፈልገህ ከሆነ ጁኒየሩን ዝለለው። አያ ቁጠባ አንድ ጊዜ «ስዊት ሞክሬ ምንም አላየሁበትም» ሲል ሰምቼዋለሁ። የያዘው ጁኒየሩን ነበር። ሰማይ አማረው፣ ባሕር ገዛ፣ ኮከብ የለም ብሎ አኮረፈ!

ኮከቡማ ሌላ ነው። እዚያ ሮያል ጂኒ የሚባል የግል አስተናጋጅ ይመደብልሃል። «ጂኒ አለኝ» ስለው አያ ቁጠባ ጸበል ሊያመጣልኝ ሮጠ! ተመለስ፣ ጎረቤት አታስደንግጥ። የአገራችን ጂኒ ሰው ላይ ይሰፍራል፤ ይኼኛው ሰውን ያሰፍራል፣ ትርኢት ቤት፣ ፊት ለፊት ወንበር ላይ። የእኛው ይጥላል፤ ይኼኛው ያነሣል። የእኛው እያስጓራ ያሳድራል፤ ይኼኛው «ምን ልታዘዝ» ብሎ ያድራል። የእኛውን ለማስለቀቅ ሱባኤ እንገባለን፤ ይኼኛው ሰኞ ጠዋት እንዳይለቀን ምን ዓይነት ሱባኤ እንግባ?

ጂኒው ገና ከመሳፈርህ በፊት በኢሜይል ይጽፍልሃል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያባክነው። «አመሰግናለሁ፣ እንገናኛለን» ብሎ መልሶ ይተኛል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ዝርዝሩን ያኔውኑ ስጡ! ስንት ሰዓት ትደርሳላችሁ? እራት የት የት ትበላላችሁ? የትኛውን ትርኢት በየትኛው ምሽት? ልጆቹ ምን አይበሉም? ፍሪጁ ውስጥ ምን ይግባ? በሳምንት ጉዞ ላይ አንድ ቀን ተዋውቀህ፣ በሁለተኛው ጠይቀህ፣ በሦስተኛው ታገኛለህ። እዚህ ሦስተኛው ቀን ሲያልቅ መውረጃ ነው። ሳትነግረው የሚያውቅልህ እንዳይመስልህ፤ ጂኒ ነው እንጂ ጠንቋይ አይደለም!

ጾም ላለበት ደግሞ ይህ ፍሬ ነገር ነው። ጉዞው የሚነሣው ዓርብ ነው። ያለ ሥጋ፣ ያለ ቅቤ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል ብለህ አስቀድመህ ጻፍለት፤ ዓሣ የምትተውም ከሆነ ዓሣውንም ጨምር። የመርከብ ወጥ ቤት እንዲህ ያለውን ትእዛዝ ለምዶታል፤ የማይወደው ድንገቴውን ነው። አያ ቁጠባ ሳይናገር ይቆይና አስተናጋጁ ስቴክ ሲያቀርብለት «ዓርብ አይደለም እንዴ?» ይለዋል። አስተናጋጁም «አዎ ጌታዬ፣ ዓርብ ነው» ይለዋል። ተግባቡ!

የስታር ዋጋ ውስጥ የመጠጡ ፓኬጅ አለ። ለብቻ የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶች አሉ። ኢንተርኔቱ አለ። ጉርሻው አለ። እንግዲህ ቅናሽ አገኘሁ ብለህ የመጠጥ ፓኬጅ አስቀድመህ እንዳትገዛ፤ ያለህን ነው የምትሸምተው። ለጂኒው ለራሱ ግን በመጨረሻው ቀን በእጅ መስጠት የተለመደ ነው፤ ስጠው፣ ለፍቷል። «ጉርሻ ተካቷል አላልክም?» ብሎ ይሞግተኛል። አያ ቁጠባ የሚያውቀው ጉርሻ ወደ አፉ የሚገባውን ነው፤ ከኪሱ የሚወጣውን እስካሁን አልተዋወቀውም!

ስዊት ይዞ ሦስቱንም ቀን ዊንድጃመር ቡፌ የሚበላውን ግን ምን ልበለው? ትሪ ይዞ፣ ክርን ለክርን እየተጋፋ፣ የተጠበሰ ድንች ሲያሳድድ ይውላል። እላይ ኮስታል ኪችን ውስጥ በመስኮቱ ባሕሩ ተዘርግቶ፣ ጠረጴዛው ተነጥፎ፣ አስተናጋጁ ትናንት የጠጣኸውን አስታውሶ ይጠብቅሃል፤ በዚያው በከፈልከው። ቁርጥ ቤት ገብቶ ሽሮ ከማዘዝ በምን ይለያል? «ቡፌው ላይ ብዙ ዓይነት አለ» ይላል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ ሆድህ ግን አንድ ነው፣ ቀኑም ሦስት። ለመጀመሪያው ምሳ ቀጥ ብለህ ወደ ላይ ውጣ። አመሻሹ ላይ ላውንጁ ውስጥ መክሰስ ይቀርባል፤ ከእራት በፊት እዚያ ተቀመጥ። ኮንሲየርጁን በስሙ የምታውቀው ያኔ ነው። በስም የሚያውቅህ ኮንሲየርጅ ደግሞ «ሞልቷል» የተባለ ትርኢት ላይ ወንበር ይፈልግልሃል።

ብቻ ሰፈሩን አስከትለህ አትምጣ። እኛ ዘንድ አንድ ሰው ስዊት ከያዘ ማኅበሩ በሙሉ ስዊት የያዘ ነው የሚመስለው። ላውንጁ በር ላይ ስምንት ዘመድ አሰልፎ «አብረውኝ ናቸው» ይላል። አብረውህ ናቸው፤ ካርዳቸው ግን አብሮህ አይደለም። በሩ የሚከፈተው ለስዊቱ ነዋሪ ነው። ወንድምህ የያዘው ሌላ ክፍል ከሆነ እሱን ውጪ አግኘው፣ አብራችሁ እራት ብሉ፣ አብራችሁ ጨፍሩ። አስተናጋጇን «አንዴ ብቻ» እያልክ ማስጨነቅ ግን ነውር ነው። ሥራዋን ታጣበታለች፤ አንተ የምታገኘው አንድ ሳህን አይብ ነው!

«ናሶ ካልወረድክ ምን ሄድክ?» ይላል ደግሞ። ናሶ እንቅልፍ ነሥቶታል! መርከቡ ባሃማስ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ጠይቁት እስቲ። ዝም። ልንገርህ። መርከቡ የባሃማስ ባንዲራ ነው የሚያውለበልበው። እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የውጭ ባንዲራ ያለው መርከብ ከአሜሪካ ወደብ አሳፍሮ፣ ውጭ አገር ሳይነካ አሜሪካ ላይ እንዳያወርድ ይከለክላል። ስለዚህ ውጭ አገር መርገጥ ግድ ነው። ግዱ ግን የመርከቡ ነው፣ የአንተ አይደለም። አንተ አልጋህ ላይ ብትሆንም ሕጉ ተከብሯል!

ናሶን ግን አልንቃትም። ከወደቡ በእግር የሚደረስ የንግሥቲቱ ደረጃ የሚባል አለ። በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ በባርነት የተያዙ ሰዎች ከድንጋዩ ውስጥ ፈልፍለው ያወጡት ነው። ሁለቱ ወገን ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ መካከሉ ጥላ። እጅህን ድንጋዩ ላይ ስታሳርፍ የመዶሻውን ልፋት ታስባለህ። ያንን እይ። ጠዋት፣ ፀሐይ ሳትከርር፣ ቀድመህ ውረድና እይ። ከዚያ ሕዝቡ ገና ወደ ከተማ ሲወርድ አንተ ወደ መርከብ ተመለስ። ያን ጊዜ መርከቡ የአንተ ነው። ሸርተቴው ባዶ። ገንዳው ባዶ። የስዊቱ ፀሐይ መሞቂያ ባዶ። ሊፍቱ እንኳ ሲጠሩት ይመጣል! አያ ቁጠባ በዚያ ሰዓት ናሶ ገበያ ላይ በአንድ ማግኔት ዋጋ ሻጭ ያስለቅሳል። ሁለት ዶላር አስቀንሶ ሁለት ሰዓት ከፈለ። ማግኔቱ እንኳ ብረት እንጂ እሱን አልሳበውም!

ኮኮኬይ ላይ ግን ተቃራኒውን አድርግ። ደሴቲቱ የኩባንያው የግል መዝናኛ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ታድሳ ተከፍታለች፣ መርከቡም በቀጥታ የመርከብ መቆሚያዋ ላይ ይጠጋል። በር እንደተከፈተ ውረድ። ኦኤሲስ ላጉን የተባለው ሰፊ ገንዳ በነጻ ነው፤ የቺል ግሪል ምሳ በነጻ ነው፤ ጥላ ያለው ወንበር ግን ቀድሞ ለደረሰ ነው። 41 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ሸርተቴ የሚገኝበት የውሃ መናፈሻ፣ ኮኮ ቢች ክለብ፣ ለአዋቂ ብቻ የሆነው ሃይዳዌይ ቢች ለብቻ ይከፈልባቸዋል። ስዊት አለኝ ብለህ በራቸው ላይ ደረትህን አትንፋ። የክፍልህን ጥቅም ዝርዝር ቀድመህ አንብብ፣ ኮንሲየርጁን ወይም ጂኒውን ጠይቅ፣ የሚያዝ ካለ ቤትህ ሆነህ ያዝ። እዚያ ደርሶ የሚጠይቅ ሰው የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ «ሞልቷል»። አያ ቁጠባ ይህን መልስ ሲሰማ ደስ ይለዋል። ያልከፈለበት ምክንያት ተገኘለታ!

«እሺ፣ ተኝቼ ባሳልፈውስ? ማረፍ አማረኝ» ካልከኝ መልሴ ቅን ነው፤ ስዊቱን ተወው። መስኮት የሌለውን የውስጥ ክፍል ውሰድ። ጨለማ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው፣ ርካሽ ነው፤ ለእንቅልፍ ከእሱ የሚሻል የለም። ስዊት የሚገዛው ለመንቃት ነው። ሰፊውን በረንዳ ገዝቶ መጋረጃ የሚዘጋ ሰው ባሕሩን ምን በድሎት ነው የሚያኮርፈው?

መጨረሻዋን ሌሊት ደግሞ ማንም ሳያስቸኩልህ አትቸኩል። ትልቁን ሻንጣ ማታ በር ላይ አውጣው፣ ካልሆነም ጠዋት ራስህ ይዘኸው ውረድ። አያ ቁጠባ ሰኞ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጫማውን አጥልቆ መውጫው በር ላይ ቆሟል። ሲገባ መጨረሻ፣ ሲወጣ መጀመሪያ! «መኪና ማቆሚያ እንዳይጨናነቅብኝ» ይላል። ሰውዬው የሦስት ሌሊት ከፍሎ ናፍቆቱ ፓርኪንግ ነው! የስዊቱ ሰው ግን ኮስታል ኪችን ተቀምጦ እንቁላሉን እንዴት እንደሚፈልግ ይጠየቃል። ቡናውን ጠጥቶ፣ ኮንሲየርጁ በነገረው ሰዓትና በር፣ ያለ ግፊያ ይወርዳል። መርከብ ወጥቶ ሳይረካ የወረደውን ግን ፓርኪንጉ ምን ያድርገው?

እናንተ ግን ስዊቱን ከያዛችሁ፣ ዛሬውኑ ሁለት ነገር አድርጉ። የክፍላችሁ ደረጃ ሲ ይሁን ስካይ ይሁን ስታር ደረሰኙ ላይ እዩ፤ ለጂኒው ወይም ለኮንሲየርጁ የምትፈልጉትን ዘርዝራችሁ ጻፉ። ዓርብ ደግሞ 5 ሰዓት ሳይሞላ፣ ፓስፖርታችሁ በእጃችሁ፣ የዋና ልብሳችሁ በቦርሳችሁ፣ ፖርት ካናቬራል በር ላይ ተገኙ።